ወንበር የሌለው አውቶቡስ

ጥር 14። የተካልኝ እናት አረፉ፤ እሱ ገና አያውቅም።

ጽጌ፣ አንቺ ከሄድሽ ሁለተኛው በረዶ ነው። ዛሬ ግን ሞቅ ያለ ንፋስ መጥቶ የጣሪያው በረዶ ሲንጠባጠብ ዋለ። ብትኖሪ መስኮቱን ከፍተሽ «ይኼ አገር ዛሬም አበደ» ትይ ነበር። እኔ አልከፈትኩም። ወጥ ቤት ተቀምጬ ይህን እጽፍልሻለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝ እንደማይገባ አውቃለሁ። ላንቺ ግን ዋሽቼ አላውቅም፤ ከሞትሽ በኋላም አልጀምርም። በሴትየዋ ሞት አይደለም የተደሰትኩት። እትዬ ዘነበች ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጃቸውን ሊጠይቁ እዚህ ካልጋሪ የመጡ ጊዜ አገጭሽን ይዘው «ይቺ ልጅ ከስታለች፣ ባሏ አያበላትም እንዴ?» ብለው በሰው ፊት አሳፈሩኝ፤ ቤት ስንደርስ እስኪያመን ሳቅን። ደስ ያለኝ እኔ የማውቀውን ተካልኝ ባለማወቁ ነው። ዛሬ ሲስቅ ውሏል። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ይስቃል።

ወሬውን ያመጣልኝ ሰይድ ነው። ታክሲውን በራችን ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«አቤ፣ የጋሽ ተካልኝ እናት ሞቱ። የምናረዳው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። ከአፍህ እንዳይወጣ።»

«ማን ነው የሚመራው?» አልኩት።

 ሰይድን ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው «አስተግፊሩላህ» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ጥያቄዬ ገብቶታል። በዚህ ከተማ መርዶ የሚመራው ተካልኝ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ሽማግሌ የሚመርጠው እሱ፣ ሰዓት የሚቆርጠው እሱ፣ የባለሐዘኑን ስልክ በሚስቱ በኩል አስቀድሞ የሚያስደብቀው እሱ፣ ፊቱ ላይ ነገር የሚነበብበትን ሰው ከኋላ የሚያስቆመው እሱ። አሁን ተራው ደርሶ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

«እንደምንም እንወጣዋለን» አለ ሰይድ። «አንተ ሳሎኑን ታስለቅቃለህ። ቤቱን ታውቀዋለህ።»

«እሺ» አልኩ። ፈጥኜ ነው ያልኩት። ሰይድ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ።

«አቤ፣ እናቱ ናቸው እኮ የሞቱበት።»

«አውቃለሁ። እኔም ሚስት ሞታብኛለች» አልኩት። መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።

እስቲ ስለ ቤታችን ልንገርሽ። ሶፋው ያው ነው። አንቺ ትተኚበት የነበረው በኩል እንደ ጎደጎደ ነው። ሜሮን እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ «ዳድ፣ ጣለው፣ ፕሊስ፣ ኢትስ ኖት ሄልዚ» ትላለች። አልጣልኩትም። በዚያ በኩል ግን አልቀመጥም። በረንዳው ላይ ያለው አበባሽ ደርቋል፤ ውኃ አጠጥቼው ነው የደረቀው፣ ሳላጠጣው አይደለም። መሥሪያ ቤት ሱፐርቫይዘር አድርገውኛል። ድሮ የራሴን ስካነር ጩኸት ብቻ ነበር የምሰማው፤ አሁን የመጋዘኑን ሁሉ እሰማለሁ። ዕቃ ሲጠፋ የምጠራው እኔ፣ ሰው ሲቀር የምጠራው እኔ። ቀኑን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ እንደዋልኩ የማውቀው ቤት ገብቼ መንጋጋዬ ሲያመኝ ነው። ያን ጊዜ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ቤዝመንት እወርዳለሁ። ፒንሳዬን አነሳለሁ።

ይህን ልማድ የመለስሽልኝ አንቺ ነሽ። አለቃዬ በስልክ ሲጮኽብኝ በእጄ የገባውን የልብስ መስቀያ ስጠመዝዝ ቆይቼ፣ ስልኩን ስዘጋ ጎማ ሠርቼ አገኘሽኝ። ቀጭን፣ ክብ፣ መሐሉ ላይ መስቀለኛ ያለው ጎማ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልሽ። ነገርኩሽ። ደሴ ሳለን የሽቦ መኪና የማይሠራ ልጅ ሰው አይባልም ነበር። ሽቦውን ከሰው አጥር እንሰርቃለን፤ ጎማውን ከአሮጌ ሸበጥ እንቆርጣለን፤ መጋጠሚያውን በከመነዳሪ ላስቲክ ጥብጣብ እናስራለን። ረጅም ሽቦ ላይ መሪ ተክለን፣ ቆመን እየነዳን፣ በአፋችን ሞተር እያስነሳን ፒያሳን እናቋርጣለን። የእኔ ኤንትሬ የጭነት መኪና መብራቱ የመስታወት ስባሪ፣ ኮፈኑ የዘይት ቆርቆሮ ነበር፤ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ሊያዩት ይመጡ ነበር። ይህን ስነግርሽ ድምፄ እንደተለወጠ አንቺ ነሽ ያወቅሽው።

በማግስቱ ከላውንደሪው፣ ከኢንተርናሽናል አቬኑ፣ በበረዶ ውስጥ የተጣመሙ መስቀያዎች ታቅፈሽ መጣሽ። «ባለቤቱ ሊጥላቸው ነበር። በእኔ ላይ ከምትነጫነጭ ሽቦ ጠምዝዝ» አልሽኝ። ጠመዘዝኩ። ከሥራ የመጣሁበትን ቁጣ እጄ ሽቦው ላይ ይጨርሰውና እራት ላይ ሰው ሆኜ እቀርባለሁ። አንዳንድ ቀን ገና በሩን ስከፍት ፊቴን አይተሽ ሰላም ሳትይኝ በጣትሽ ወደ ቤዝመንት ታመለክቺኝ ነበር።

ከዚያ ታመምሽ። ሶፋው ላይ ሆነሽ የሠራኋቸውን ሁሉ በዓይንሽ ቆጠርሽና «መኪና መኪና ትላለህ፣ እኔን የምትጭንበት የለህም» አልሽ። የደሴ ኮምቦልቻውን አውቶቡስ አዘዝሽኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ ጫማዬ ላይ ያስመለስሽበትን። እስከ መጨረሻው «እኔ አይደለሁም፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ናት» እንዳልሽ ሄድሽ። አንቺ ነሽ። ጫማው አዲስ ነበር። ጫማውን ሰበብ አድርጌ ቤታችሁን ፈልጌ ባላገኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ እንደነበር ግን አላውቅም።

አካሉን እኔ ሠራሁ። ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ፣ ከኋላው መሰላል፣ በሩ የሚታጠፍ። ወንበሮቹን አንቺ ሠራሽ። ቀይ ሹራብሽን ተረተርሽና ክሩን በሽቦው ዙሪያ ጠመጠምሽ። አንድ ወንበር ስትጨርሺ ትተኛለሽ፣ ስትነቂ ሌላ ትጀምሪያለሽ። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ጠመመብሽ። ላቃናው ፒንሳ ሳነሳ እጄን መታሽኝ። «ተወው፣ የእኛ ወንበር ነው፤ ያኔም ጠማማ ነበር» አልሽ። የመጨረሻውን ወንበር ከሠራሽ በኋላ እጅሽ ሌላ ምንም አልሠራም። አውቶቡሱን መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ላይ፣ አንቺን ፊት ለፊት አቆምኩት።

አሁን ስለ ለቅሶሽ። አንቺ አላየሽውም፤ እኔ አይቻለሁ።

ተካልኝ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ቄስ ጠራ፣ ወንበር አስመጣ፣ እዝን ማን በየትኛው ቀን እንደሚያመጣ መደበ። እጅጌውን ጠቅልሎ ሳህን ሲያጥብ አይቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለእሱ ብዬ አይደለም፤ «አበበ ሰው ሲጠላ ይዋሻል» እንዳትይኝ ብዬ ነው። ሳሎኑንም ያስለቀቀው እሱ ነው። ሶፋው ወደ ጋራዥ፣ ጠረጴዛው ወደ ጋራዥ፣ ቲቪው ወደ መኝታ ቤት። ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ያስፈልጋል፤ ወጉ ነው፤ በዚህ አልጣላውም። አውቶቡሱን ግን ወደ ሰማያዊው የቆሻሻ ቢን ከተተው። ከጠርሙስና ከቆርቆሮው ጋር።

በማግስቱ ጠዋት ቆሻሻ አንሺው መኪና ሲመጣ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። የመኪናው የብረት ክንድ ቢኑን ሲያነሳ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ሲንኮታኮት በጆሮዬ ሰማሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ስለ ኢዮብ ትዕግሥት እየነገሩኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩላቸው። አውቶቡስሽ በመንገዱ ሲያልፍ እኔ ሳላውቅ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዓይኔ መስኮቱ ሥር ሄደ። «አውቶቡሱስ?» አልኩ።

«የትኛው አውቶቡስ?» አለ ተካልኝ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴት «ተዉት፣ ደንግጦ ነው» አለች። እጄን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ። እዚያ ነገርኩት። ሐረጎን፣ ኮምቦልቻን፣ ጫማውን፣ ቀዩን ክር፣ ጠማማውን ወንበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ሲገባው ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ያ ሽቦ? ውይ፣ እኔ እኮ ጉድፍ መስሎኝ ቢን ውስጥ ከተትኩት! በዚህ ትጨነቃለህ? ዶላር ስቶር ሞልቶልህ የለም እንዴ?» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ይህንን ይቅር ባልኩት ነበር። ሰው ይሳሳታል። ሽቦ ሽቦ ይመስላል።

በአርባሽ ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከመኪናዎቹ ኋላ ቆሞ ሲያወራ ሰማሁት። «ሰውየው ሚስቱን ቀብሮ ገባ፣ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? አውቶቡሴስ! እኛ ደግሞ ተነስተን በመስኮት ወደ መንገድ!» ሳቁ። ሐዘን ያለበት ሰው አሳሳቅ እንኳ አልሳቁም፤ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ሹፌሩ ሆነ። ኢንተርናሽናል አቬኑ ካለው ምሳ ቤት ስገባ ከጥግ አንዱ «ሹፌር፣ ለኮምቦልቻ ቦታ አለ?» ይላል። ሌላው «ፊት ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ፣ ጠማማ ነው» ይላል። የጠማማውን ወንበር ነገር የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጽጌ። በኮሪደር፣ እያለቀስኩ።

ጋሼ ማለቱን ትቻለሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝ አፌ ስለለመደ አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤና በዚህ ወረቀት ላይ ግን ተካልኝ ነው።

ከሥራ ስመለስ የምሠራውን ጠይቂኝ። የተካልኝን ፒክአፕ ነው የምሠራው። ትልቁን፣ የሚመካበትን። ከጭቃ መከላከያው እስከ መጎተቻ መንጠቆው አንድም ሳላስቀር። ውስጡ እሱን ራሱን፣ ከሽቦ፣ ከነቦርጩ አስቀምጠዋለሁ። የቤዝመንቱን ደረጃ በካርቶን ሐረጎ አድርጌዋለሁ፤ መታጠፊያ አለው፣ ገደል አለው። ከላይ እለቀዋለሁ። ገደሉን ሲገባ፣ ሲሚንቶው ላይ ሲቀጠቀጥ ትከሻዬ ይላላል፤ መንጋጋዬም ይለቀቃል። ከዚያ አቃናውና እንደገና እሠራዋለሁ። ሜሮን በበዓል መጥታ አየችው። «ዋው ዳድ፣ ሶ ኪውት። ማን ነው ውስጡ ያለው?» አለች። «አንድ ሰውዬ» አልኳት።

አውቶቡሱንም መልሼ ሠርቼዋለሁ። መሰላሉ፣ መጫኛው፣ የሚታጠፈው በር፣ ሁሉም አለ። ወንበር ግን የለውም። ክር ገዝቼ ሞከርኩ። የእኔ ጥምጠማ ቀጥ ይላል፤ ቀጥ ሲል ደግሞ የሱቅ ዕቃ ይመስላል። ፈታሁት። ባዶውን ቆሟል።

ሰይድ ሳሎን ታስለቅቃለህ ሲለኝ ለምን እንደፈጠንኩ አሁን ይገባሻል። የተካልኝን ሳሎን ታስታውሽዋለሽ። ቲቪው ላይ ያለውን ነጭ ዳንቴልስ? እትዬ ዘነበች ዓይናቸው ከደከመ በኋላ፣ ቀዳዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ የሠሩትን። ለገባ ሁሉ ያሳያል። «ይቺን ጥግ እዩአት፣ እዚህ ጋ ተሳስታለች፤ ከዚህ በኋላ እናቴ ኪሮሽ አልያዘችም» ይላል። ድምፁ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የእናት እጅ ምን እንደሆነ አያውቅም አትበይኝ። ያውቃል። የእኔ ሚስት እጅ ነው ያልታየው።

ቅዳሜ ያ ዳንቴል ጥቁሩ ቢን ውስጥ ይገባል። ሲጠይቀኝ የምለውን አዘጋጅቻለሁ፤ የራሱን ቃል ነው። ጉድፍ መስሎኝ። ዶላር ስቶር ሞልቶልህ የለም እንዴ?

ቅዳሜ ነው። ከቀትር በኋላ።

ብርዱ ተመልሷል። ጠዋት ተካልኝ ሰፈር፣ ሜይላንድ ሃይትስ፣ ደርሰን መኪናዎቹን እንዳያያቸው ከመታጠፊያው ወዲያ አቆምን። መኪና ማራቅ የእሱ ደንብ ነው። ቄሱ ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ቀጥለው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ገና ሳያዘቀዝቁ፣ ሰይድና እኔ ከኋላ። ይህም የእሱ ደንብ ነው። ሳናውቀው እሱ እንዳሰለጠነን ቆምን።

በሩን የከፈተው ራሱ ነው። በቢጃማ። «አልማዝ ስልኬን የት አባቷ እንዳ…» እያለ ነበር። ቆመ። ቄሱን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ። ወደ ኋላ ዞሮ ሚስቱን አየ፤ አልማዝ ፊቷን ሸፈነች። ስልክ መደበቅ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ከተማ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቄሱ «ተካልኝ ልጄ፣ እናትህ ትንሽ አሟቸው…» ብለው ጀመሩ።

«አሟቸው እንዳትሉኝ!» አለ። «አሟቸው የምለው እኔ ነኝ!»



«መቼ?»

«ሐሙስ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ሁለት ቀን ስስቅ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ?» ዓይኑ በሁላችንም ላይ ዞረ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ሴቶቹ ጮኹ።

ሲያለቅስ ቆሜ አየሁት። የጠበቅኩትን ያህል አልጣመኝም። ጨርሶ አልጣመኝም ግን አልልሽም።

ሥራዬን ጀመርኩ። ከሰይድ ጋር ሶፋውን ወደ ጋራዥ አወጣን። ጠረጴዛውን፣ የአበባ ማስቀመጫውን፣ ምንጣፉን። ተካልኝ ፍራሽ ላይ በሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጦ እያለቀሰ፣ ልማድ ሆኖበት «በሩን እንዳትገጩት» ይላል። ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ወደ ቲቪው ሄድኩ። ዳንቴሉ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ፈታሁት። ቀላል ነው ጽጌ፤ ከነመኖሩም አይታወቅም። አጣጥፌ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

የካርቶንና የወረቀት ቆሻሻ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። ጥቁሩ ቢን አጥሩ ጥግ ነው። ክዳኑን ከፈትኩ። ካርቶኑን ጣልኩ። እጄ ኪሴ ገባ። ጣቴ ያቺን ጥግ አገኛት። ቀዳዳዎቹ በሥርዓት ሲሄዱ ቆይተው አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ይጠፋቸዋል። አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይደፈናል፣ ከዚያ ቋጠሮ አለ። ፒንሳ ይዤ እጄን የመታሽኝ ቀን ትዝ አለኝ። ስለዚህ ራራሁ እንዳትይ። አልራራሁም። ተናደድኩ። እኔ የእናቱን እጅ በኪሴ ጨለማ በጣቴ ዳስሼ ሳውቀው፣ እሱ ያንቺን በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮት ሥር፣ ቀይ ክር ሆኖ አላየውም። ቲቪውን ካወጣሁ በኋላ እመለሳለሁ አልኩና ክዳኑን ክፍት ትቼው ገባሁ።

ቲቪውን እኔ በአንዱ ጫፍ፣ ሰይድ በሌላው ይዘን ቀና ስናደርገው ተካልኝ አንገቱን አነሳ።

«ዳንቴሉስ?» አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከበሩ አጠገብ ከቆሙት ወጣቶች አንዱ፣ ምሳ ቤት ለኮምቦልቻ ቦታ የሚጠይቀኝ ያው ልጅ፣ በሹክሹክታ «እናቱ ሞታ ስለ ዳንቴል!» አለ፤ ጓደኛው ሳቁን በሳል አስመሰለው። አንዲት ሴት «ተዉት፣ ደንግጦ ነው» አለች። ስለ እኔ ያለችው እሷ ትሁን ሌላ አላውቅም። ቃሉ ግን ያው ነው።

«ነጭ ዳንቴል ነበር እዚህ ላይ» አለ ተካልኝ። ዓይኑ ክፍሉን ዞሮ እኔ ላይ ቆመ። «አበበ፣ አንተ ነህ እዚያ ጋ የነበርከው። የእናቴ እጅ ነው።»

ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ጉድፉም፣ ዶላር ስቶሩም። አንድ ብቻ ቀረልኝ።

«የትኛው ዳንቴል?» አልኩት።

  ሌላ ሰው አልገባውም፤ ሰይድ እንኳ። ተካልኝ ግን የሰው ፊት ማንበብ ሥራው ነው። ሲገባው አየሁት፤ ከግንባሩ ጀምሮ እስከ አገጩ ቀስ እያለ ወረደ። ሐዘኑ መሐል ሌላ ነገር ገባ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አልከሰሰኝም። ምን ብሎ ይከስሰኛል? ሹፌሩ ዳንቴሌን ወሰደብኝ ይላል? በዚያ ቤት በዚያ ሰዓት የሚያምነው አልነበረም፤ እሱም ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚሳቅበት ያስተማረው እሱ ነው።

የያዝኩትን ጫፍ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«አቤ? ወዴት ነው?» አለ ሰይድ፣ ቲቪውን በጉልበቱ ደግፎ። «አንተ! ብቻዬን?»

 በጓሮ በር ወጣሁ።

ዳንቴሉን እመልስለታለሁ፤ ይህን ላንቺ ብዬ ነው። መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቤዝመንት ወርዶ፣ አውቶቡሱ ምን ይመስል ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ። ከላይ እስከ ታች እነግረዋለሁ፤ ሳይስቅ ይሰማል፤ ከዚያ ይወስዳል። እስከዚያ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል። ካልመጣም እዚያው ይኖራል። እኔ አልቸኩልም። አንቺን የማስታውስበት ብዙ ነገር አለኝ፤ እሱን የማስታውስበት ይኼ ነው፤ ሁለቱንም አልረሳም። ያቺን ጠማማ ወንበር አንድ ቀን መሥራት እችል ይሆናል። እስክችል ድረስ ቀጥ ያለ አልሠራልሽም።

ስወጣ በረዶው ላይ የገባሁበት ዱካዬ ነበር። ቢኑ ከፍቼ እንደተውኩት አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ከኋላዬ ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ስሜን ይጠራል። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ያቺን ጥግ ይዟታል። በሌላው እጄ ክዳኑን ዘጋሁትና አለፍኩ።